ምዕራፍ 7፦ ሁለቱ ነቀርሳዎች

አማርኛችን ለሁለት በሽታ አንድ ስም ሰጥቷል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ካንሰር። አዋቂ ሰው ላይ ይህ ብዙም አያደናግርም፤ ከቃሉ በፊት የሚጠራው የሰውነት ክፍል ራሱ ነገሩን ይፈታዋል። የሚያስቸግረው ቃሉ የሦስት ዓመት ልጅ ዓይን ላይ ሲያርፍ ነው። እዚያ የሚምታታው ስሙ ብቻ አይደለም፤ በሽታዎቹም መልካቸው ይመሳሰላል። ቲቢውም ካንሰሩም ከብሌኑ ጀርባ እንደ ነጭ ጉም ተኝተው ሊገኙ ይችላሉ። አንደኛው በኪኒን ይድናል፤ ሁለተኛው የልጁን ሕይወት ለማትረፍ ዓይኑን ማውጣት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ማሙሽ እንበለው። ነገሩን ለማስረዳት እኔ የሠራሁት ልጅ ነው፤ የሚደርስበት ግን በየሆስፒታሉ የሚደርስ ነው። ቤታቸው አትላስ ነው፤ ከኡራኤል፣ ከሃያ ሁለትና ከቦሌ መድኃኔዓለም መሃል ያለው፣ ስሙን ከሆቴሉ የወሰደው ሰፈር። ሦስተኛ ዓመት ልደቱን እዚያው አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አከበሩለት። ሻማ፣ ኬክ፣ ፎቶ። ማታ እናቱ ፎቶዎቹን ስታገላብጥ አንዱ ላይ ቆመች። የማሙሽ ቀኝ ዓይን በፍላሹ እንደማንኛውም ሰው ዓይን ቀልቷል። ግራው ግን ነጭ ነው።

«የስልኩ ፍላሽ ነው» አለ አጎትየው።

«ምን ፍላሽ ትላለህ! ያን ሁሉ ሰው ሰብስባችሁ፣ ልጁ ላይ ዓይን አረፈበት እንጂ» አሉ አያቱ።

እናትየው ሌሎቹን ፎቶዎች በሁለት ጣት እያሰፋች አየች። ከአንድ ወር በፊት የተነሳውም ላይ ያው ዓይን፣ ያው ነጭ።

ጤናማ ዓይን በፍላሽ የሚቀላው ያለ ምክንያት አይደለም። ብርሃኑ በብሌኑ ቀዳዳ ገብቶ ከሬቲና ጀርባ የተነጠፈውን በደም የረሰረሰ ስስ ሽፋን ይመታና ቀልቶ ይመለሳል። ያ ሽፋን ኮሮይድ ይባላል፤ ኋላ ላይ ስለምንመለስበት ስሙን ያዙልኝ። መንገዱ ላይ የሚያግደው ነገር ካለ፣ ሞራም ይሁን ዕጢ ወይም የመግል ክምችት፣ ቀዩ አይመለስም። እርግጥ ካሜራው ዘንበል ብሎ ሲያነሳም የዓይን ነርቭ ጫፍ ላይ አርፎ ነጭ ሊያሳይ ይችላል፤ አጎትየው ጨርሶ የማይመስል ነገር አልተናገረም። ሁለት ፎቶ ላይ አንድ ዓይን ነጭ ሲሆን ግን የስልኩን ነገር ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

እነማሙሽ ወዲያው አልሄዱም። በሳምንቱ ዓይኑ ቀላ፤ ብርሃን ሲያይ ፊቱን ሶፋው ውስጥ ይቀብር ጀመር። ከመድኃኒት ቤት አንድ ጠብታ ተገዛ፤ በሦስት ቀን ቅላቱ ጠፋ፤ ቤተሰቡም ተመስገን አለ። እኔን ከነጩ ፎቶ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ «ተመስገን» ነው። ቅላትን እንዲህ ቶሎ የሚያጠፉት ጠብታዎች አብዛኛውን ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም የእሱ ዘመዶች፣ ማለትም ስቴሮይዶች ናቸው። ስቴሮይድ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል፤ ቁጣውን የቀሰቀሰውን ግን አይነካውም። ቲቢ ባለበት ዓይን ብቻውን ሲሰጥ ዘበኛውን አስተኝቶ ሌባውን ጓዳ መተው ነው። ሲደጋገም ደግሞ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፤ ሞራም ያመጣል። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ኋላ ላይ ማሙሽም ያስፈልገዋል። ተራውን ሳይጠብቅ ሲገባ ነው የሚያጠፋው።

አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አንድም ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል፣ አንድም የሕፃናት ዓይን ሐኪም ያለበት ሌላ ተቋም ነው። ምርመራው መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይገባል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ልጁ እጆቹን ወደ ውስጥ አድርጎ በነጠላ ይጠቀለልና እናቱ ጭን ላይ ይተኛል። ለቅሶው አይቀርም። በዚህ ካልሆነ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይታያል።

ሐኪሟ ግራ ዓይኑ ውስጥ ያየችው ቢጫ ያዘለ ነጭ እብጠት ነው። መጀመሪያ ማሰብ ያለባት ሬቲኖብላስቶማን፣ የሕፃናት የዓይን ካንሰርን ነው። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱን ይይዛል፤ አብዛኞቹ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይታወቅባቸዋል። ዓይን ውስጥ እንዳለ ከተደረሰበት ልጁ ይተርፋል። በዓይን ነርቭ ተሳቦ ወደ አንጎል ካለፈ ግን ተስፋው ይመነምናል። ለዚህ ነው በዓይን ሕክምና ውስጥ አንድ ብርቱ ክልከላ ያለው፦ ሬቲኖብላስቶማ የሚጠረጠርበት ዓይን ውስጥ ናሙና ለመቅዳት መርፌ አይገባም። መርፌው የሚወጣበት ቀዳዳ ለካንሰሩ ሕዋስ በር ይሆናል።

ይህ ክልከላ የዓይን ቲቢን ምርመራ እግር ከወርች ያስረዋል። ሳንባ ላይ ቢሆን አክታ ይመረመራል፤ አንገት ላይ ንፍፊት ቢሆን በመርፌ ይቀዳል። የሕፃን ዓይን ግን ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አይነካም። ቢነካም ከውስጡ የሚገኘው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ነው፤ ባክቴሪያውም እዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቲቢ እያለ ውጤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ውስጥ ካንሰር ነው ተብሎ ዓይናቸው የወጣ፣ ኋላ ላይ የወጣው ዓይን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢ የተገኘባቸው ልጆች ታሪክ ተጽፏል። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ዓይንና ነፍስ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ነፍስን መምረጥ ግድ ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ዓይኖች ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ የሚተርፉትም መልሱን ከዓይኑ ውጭ በመፈለግ ነው።

ቲቢ ዓይን ውስጥ እንዴት ይገባል? ብዙ ሰው በአቧራ ወይም በእጅ ይመስለዋል። መንገዱ ግን በደም ነው። ልጁ የሚያስል ሰው አየር ላይ የተወውን ባክቴሪያ ይስባል፤ ሳንባው ውስጥ ትንሽ ቁስል ይፈጠራል፤ ከዚያ ጥቂቶቹ በደም ተሳፍረው ይበተናሉ። በሰውነት ውስጥ ለመጠኑ ብዙ ደም ከሚፈስባቸው ቦታዎች አንዱ ኮሮይድ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ይቀመጣል፤ ሰውነትም በነጭ የደም ሕዋሳት ይከበዋል። ክምችቱ ትንሽ ሲሆን ቢጫማ ነጠብጣብ ነው፤ ሲያድግ ያ ነጭ እብጠት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሰውነት ሳይቀደድ የቲቢን ቁስል በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ ቢኖር የዓይን ጀርባ ነው። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ ማሳያ መሣሪያውን ይፋ አደረገ፤ በ1855 ኤድዋርድ ዬገር በዚያው መሣሪያ የኮሮይድን የቲቢ ነጠብጣቦች አየ፤ በ1867 ደግሞ ኮንሃይም የተባለ ተመራማሪ ነጠብጣቦቹ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ካለው የቲቢ ቁስል ጋር አንድ መሆናቸውን አሳየ። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ነው። ሐኪሞች የቲቢን አሻራ ዓይን ውስጥ ያዩት ቲቢ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነበር። ዛሬም ትኩሳት ይዞት፣ አንገቱ ደርቆ ለመጣ ሕፃን የዓይኑን ጀርባ ማየት የማጅራት ገትሩን ምክንያት ሊጠቁም ይችላል፤ መሣሪያው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። ልብ የሚለው ሰው ነው ያነሰው።

ሐኪሟ የማሙሽን ዓይን አይታ ስትጨርስ ያነሳችው ጥያቄ ግን ስለ ዓይን አልነበረም።

«እህቴ፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?»

እናትየው «የለም» አለች። ትንሽ አሰበችና «ሞግዚቷ ባለፈው ጉንፋን ይዟት ነበር» ጨመረች።

ይህ መልስ አትላስን የመሰለ ሰፈር ውስጥ የተለመደ ነው። ቲቢ የድሃ በሽታ ተብሎ ስለሚታሰብ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ከገጠር በመጣችው ሠራተኛ ወይም በዘበኛው ላይ ነው። እነሱም መመርመር አለባቸው፤ ሲመረመሩ ግን ለራሳቸው ጤና እንጂ እንደ ተከሳሽ መሆን የለበትም። በእኛ ታሪክ የሞግዚቷ ምርመራ ንጹሕ ሆነ። የሚያስሉት «የቆየ ብሮንካይት ነው» እየተባለ ለወራት የታለፉት፣ ልጁን ማታ ማታ ተረት እየነገሩ የሚያስተኙት የአባቱ አባት ነበሩ። እናትየው የዋሸች አይደለችም፤ የአባባን ሳል እንደ ግድግዳው ሰዓት ድምፅ ለምዳዋለች፤ አትሰማውም።

የሕፃን ቲቢ ከአዋቂ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ ከ20 ዓመት በፊት የገባበት ባክቴሪያ ሊነሳበት ይችላል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም፤ ቲቢ ከያዘው ያስያዘው ሰው በቅርብ አለ፣ ምናልባትም ዛሬም እያሳለ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተደረጉ ክትትሎች እንደሚያሳዩት ዓመት ሳይሞላቸው ከተያዙ ሕፃናት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ይታመሙ ነበር፤ ከፊሉም በሽታው በመላ ሰውነት ወይም በአንጎል ሽፋን ይበተንባቸው ነበር። ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቢሲጂ ክትባት፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው፣ ይህን የከፋውን ዓይነት በብዙ ይቀንሳል እንጂ በሩን ጨርሶ አይዘጋም። ስለዚህ «ተከትቧል እኮ» ቲቢን ከጥርጣሬ አያወጣውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማስረጃ መደርደር ነው። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ዓይኑ ውስጥ የካልሲየም ክምችት መኖሩን ያያሉ፤ ሬቲኖብላስቶማ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ የማሙሽ እብጠት ውስጥ የለም። የደረት ራጅ የሳንባውን ሥር ንፍፊቶች አብጠው ያሳያል። ማንቱ የሚባለው ምርመራ ክንድ ላይ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል፤ የሚለካው ቅላቱ ሳይሆን የጠጠረው እብጠት ነው። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ለመግባቱ ምልክት ነው፤ ኤች አይ ቪ ላለበት ወይም በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎሳቆለ ልጅ 5 ይበቃል። ባዶ ቢሆንም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ በጣም የታመመ ልጅ ሰውነት መልስ ለመስጠት ሊደክም ይችላል። የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረጋል።

አክታስ? ሕፃን አክታ አይተፋም፤ ይውጠዋል። ድሮ ጠዋት በባዶ ሆዱ በአፍንጫው ቱቦ እየገባ ከጨጓራው ይቀዳ ነበር፤ ዛሬም ይደረጋል፤ ለልጁም ለእናቱም ስቃይ ነው። የተዋጠው ነገር መውጫ እንዳለው ለማሰብ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የሕፃናት ሰገራ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን እንዲመረመር መከረ፤ ሰገራውን በቀላሉ አዘጋጅቶ ለማሽኑ የሚያቀርበውን ዘዴ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አንዲት ማንኪያ የማትሞላ የዳይፐር ሰገራ የቱቦውን ስቃይ ልታስቀር ትችላለች። ይህ ለእኔ ከብዙ ውድ ማሽን ይበልጣል።

የማሙሽ ሰገራ ውስጥ ቲቢ ተገኘ። ዓይኑ ውስጥ ባክቴሪያውን ማንም አላየውም፤ አያየውምም። ሐኪሟ የምትለው «በሳንባው ቲቢ አለ፣ ቤቱ ውስጥ ቲቢ አለ፣ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቲቢን ይመስላል፣ ካንሰርን አይመስልም» ነው። የዓይን ቲቢ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የጠነከረ እርግጠኝነት የለውም፤ አንባቢም ሐኪሙ ሲያመነታ ቢያይ አይፍረድበት።

ሁሉም የዓይን ቲቢ እንደ ማሙሽ ነጭ ሆኖ አይመጣም። ጥቁሩና ነጩ የዓይን ክፍል የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ግራጫ እብጠት ወጥታ ልጁ ብርሃን ሊጠላ፣ እንባው ሊፈስ ይችላል። እዚያ ባክቴሪያ የለም፤ ሌላ ቦታ ላለው ባክቴሪያ ሰውነት የሚያሳየው ቁጣ ነው። ሌላ ተራ ጀርምም ያመጣዋል፤ እኛ አገር ግን ቲቢ ሳይፈለግ መታለፍ የለበትም። አንዳንዴ ደግሞ በሽታው የዓይኑ የፊት ክፍል ላይ ያርፍና ብሌኑ ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ ክብነቱን ያጣል። ትንሽ ልጅ አንድ ዓይኑ ቢደክም በሌላው ስለሚያይ አይናገርም፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ዓይኑ ሸውረር ሲል ነው።

ወደ ሕክምናው። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት መድኃኒት፤ የማጅራት ገትር ካለበት ጠቅላላው 12 ወር ይደርሳል። ቀለል ላለ የልጆች ቲቢ በቅርብ ዓመታት የ4 ወር ሕክምና ተፈቅዷል፤ ዓይን ላይ ግን ባለሙያዎች ከ6 ወር ባነሰ አይደፍሩም። ድሮ የአዋቂ ኪኒን እየተከፈለ፣ እየተፈጨ፣ በስኳር እየተለወሰ ይሰጥ ነበር፤ ልኩ ተስተካክሎ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ለልጅ ተመጥኖ የተሠራው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ኪኒን ለዓለም ቀረበ። 13 ኪሎ የሚመዝነው ማሙሽ ሪፋምፒሲን፣ ኢሶናያዚድና ፒራዚናማይድ አንድ ላይ ያሉበትን 3 ኪኒን በትንሽ ንጹሕ ውሃ ተሟሙቶለት ወዲያው ይጠጣል፤ ኤታምቡቶል ለብቻው ይጨመርለታል።

ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ነርሶች ይናገራሉ። እንባንም እንደሚያቀልም ግን ብዙዎች አይነግሩም። ዓይኑ የታመመ ልጅ ብርቱካናማ እንባ ሲያለቅስ ያየች እናት ደም መስሏት መድኃኒቱን ብታቆም አይፈረድባትም፤ ያልነገራት ነው ጥፋተኛው።

ኤታምቡቶል የራሱ ጣጣ አለው። የዓይን ቲቢን ለማከም የምንሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑ ካለፈ፣ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። ቀድሞ የሚሄደው ቀይን ከአረንጓዴ መለየት ነው፤ ሰንደቅ ዓላማችን ላይ ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ቀለሞች። አዋቂ ለውጡን ይናገራል፤ ትንሽ ልጅ ግን የቀለም ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። በዚህ ስጋት መድኃኒቱ ለሕፃናት ለረጅም ጊዜ ሳይሰጥ ኖረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማስረጃውን እ.ኤ.አ. በ2006 ከመረመረ በኋላ በቀን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም አካባቢ ከሆነ ለልጆችም አያሰጋም አለ። ስለዚህ ልጁ በየጊዜው መመዘን አለበት፤ ኩላሊቱም ደህና መሆኑ ይታያል። እናትም ቤት ውስጥ ልትመረምረው ትችላለች፦ ምንጣፍ ላይ የወደቀች የዳቦ ፍርፋሪ ያነሳል? ቀይና አረንጓዴ ዶቃ ይለያል?

አሁን ነው የስቴሮይድ ተራ። የቲቢው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ፣ ቁጣው ዓይኑን እንዳያበላሽ ፕሬድኒሶሎን ይጨመርና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀነሳል። ሪፋምፒሲን ፕሬድኒሶሎንን ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጣ መጠኑን የሚወስነው ይህን የሚያውቅ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይኑ ብሶበት ቢታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሚሞተው ባክቴሪያ ቁጣውን የሚያነሳሳበት ጊዜ አለ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ጥያቄው ከመጀመሪያው ይነሳል፦ ቲቢው መድኃኒት የተላመደ ነው? ወይስ ከመነሻው ሌላኛው ነቀርሳ ነበር?

ማሙሽ ላይ እብጠቱ ሟሸሸ፤ ጠባሳ ግን ተወ። ከዚህ በኋላ ደህና የሆነው ቀኝ ዓይኑ በየቀኑ ለሰዓታት ይሸፈናል። ትንሽ ልጅ ያልሠራበትን ዓይን አንጎሉ ይረሳዋል፤ እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ድረስ ግን ማስታወስ ይቻላል። አባባም መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። የአምስት ዓመት ዕድሜ ያልሞላት የአጎት ልጅ እዚያው ቤት ስለምትውል፣ ጤነኛ መሆኗ ተረጋግጦ የመከላከያ መድኃኒት ትወስዳለች። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ቦሌም ቢሆን።

ልጅዎ ፎቶ ላይ አንድ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ካዩት በሌላ ብርሃን ደግመው ያንሱት፤ የድሮዎቹንም ያገላብጡ። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ከመግዛትዎ በፊት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በቤቱ ማን እንደሚያስል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ አያትን ሳይዘሉ አስበው ይሂዱ። ፎቶውንም አይሰርዙት፤ ስልኩ ላይ እንዳለ ለሐኪሙ ያሳዩት።